ዶክተር ሮበርት ኮኽና የከብቶች እልቂት

ከቀንበር ተፈትቶ ደኅና ሆኖ ያደረ በሬ በማግሥቱ በረት ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፤ ከአፍንጫውና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ሲፈስ፤ ሆዱም ፈጥኖ ሲነፋ፤ የገጠሩ ሰው አባ ሰንጋ ነው ይላል። ስሙን ከአባቶቹ ወርሶታል። የበሽታውን መነሻ ግን ለብዙ ዘመን አንዳንዱ ከመሬት ጠንቅ፣ አንዳንዱ ከአየር መለወጥ፣ አንዳንዱም ከእርግማን ሲያደርሰው ኖሯል። ይህ ግምት የእኛ አገር ገበሬ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ገበሬ ቀርቶ የአውሮፓ ሐኪም እንኳ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ በዚህ ረገድ ከእርሱ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን በሽታ ምስጢር ፈትተው ያሳዩትን የዶክተር ሮበርት ኮኽን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢያን እናቀርባለን። የዶክተር ኮኽ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሳንባ ነቀርሳን ተውሳክ ማግኘታቸውን ነው። እኛ ግን በሌላ በኩል ልናያቸው እንወዳለን። ምክንያቱም የእኚህ ሰው ታላቅ ሥራ የጀመረው በታመሙ ከብቶች ነው፤ የመጨረሻ ዘመናቸውንም ያሳለፉት በአብዛኛው በአፍሪካ ከብቶችና ሰዎች ላይ በደረሰው መቅሠፍት ዙሪያ ነው። ድላቸው ብቻ ሳይሆን ስሕተታቸውም ለእኛ ትምህርት አለው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እናሳስባለን።

ሮበርት ኮኽ በጀርመን አገር በሐርዝ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ታኅሣሥ ወር 1843 ተወለዱ። አባታቸው የማዕድን ሥራ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ አሥራ ሦስት ልጆች የተወለዱበት ነበር። ሕፃኑ በአምስት ዓመታቸው ማንም ሳያስተምራቸው ከጋዜጣ ላይ ፊደል ለይተው ማንበብ እንደቻሉና ወላጆቻቸውን እንዳስደነቁ ይነገራል። ከዚያም በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተከታትለው በ1866 ተመረቁ። ከመምህራኖቻቸው አንዱ የነበሩት ያዕቆብ ሄንለ ተላላፊ በሽታ የሚመጣው ሕይወት ካለው ረቂቅ ተውሳክ ነው የሚል አሳብ ከብዙ ዓመት በፊት ያቀረቡ ሰው ነበሩ። አሳቡ ግን በማስረጃ አልተደገፈም ነበር።

በ1870 ጀርመንና ፈረንሳይ በተዋጉ ጊዜ ወጣቱ ሐኪም ዓይናቸው አርቆ የማያይ በመሆኑ መጀመሪያ ከውትድርና ተመለሱ። እርሳቸው ግን በፈቃደኝነት ገብተው በጦር ሆስፒታል ቁስለኞችንና በታይፎይድ የታመሙ ወታደሮችን አከሙ። በዚያ ዘመን በጦር ሜዳ ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሰው ይፈጅ እንደነበረ ለሠራዊት አባላት መንገር አያሻም። ዶክተር ኮኽም ይህን በዓይናቸው አዩ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1872 ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በቮልሽታይን ወረዳ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተሾሙ። በወረዳው በጎችና ላሞች በአባ ሰንጋ ያልቁ ነበር። እረኞችና ቆዳ ገፋፊዎችም በበሽታው ይያዙ ነበር። ዶክተሩ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቤተ መጻሕፍት በአቅራቢያቸው አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ማይክሮስኮፕና በሽተኛ ከሚያዩበት ክፍል በመጋረጃ የተከፈለች ጠባብ ጥግ ብቻ ነበረች። ቀን በፈረስ ጋሪ እየዞሩ በሽተኛ ያክማሉ፤ ማታ ደግሞ ከሞተ ከብት ጣፊያ የተወሰደ ደም ይመረምራሉ።

በሞቱ ከብቶች ደም ውስጥ እንደ ስንጥር ቀጫጭን የሆኑ ተውሳኮች መኖራቸውን ሌሎች ሊቃውንት፣ በተለይም ፈረንሳዊው ካሲሚር ዳቬን፣ ከዚያ ቀደም አይተዋል። ያልተፈታው ጥያቄ ግን እነዚህ ነገሮች የበሽታው ምክንያት ናቸው ወይስ ከበሽታው በኋላ የሚገኙ ምልክቶች የሚለው ነበር። ዶክተር ኮኽ ደሙን በቀጭን የእንጨት ስንጥር ነክተው አይጦችን ወጉ፤ አይጦቹ ሞቱ። ከጤነኛ ከብት የተወሰደ ደም የተወጉት ግን ምንም አልሆኑም። በዚህ ብቻ አልረኩም። ተውሳኩን ከበሬ ዓይን ከተቀዳ ጥሩ ውሃ ውስጥ አራቡት። ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ጠብታ ደጋግመው ካሸጋገሩት በኋላ፣ ከመጀመሪያው ከብት ደም ምንም የቀረ ነገር በሌለበት ጊዜ እንኳ አይጦችን ገደለ። እንግዲህ ገዳዩ ደሙ ሳይሆን ተውሳኩ ራሱ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህም የሚበልጥ ምስጢር ተገለጠ። ተውሳኩ ሁኔታው ሲከፋበት በውስጡ ጠንካራና ክብ ዘር ይሠራል። ይህ ዘር ድርቅን፣ ሙቀትንና ብርድን ችሎ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከብት ከሣር ጋር ሲውጠው እንደገና ሕይወት ይዘራል። ከብት ከሞተበት ዓመታት ያለፉት ሜዳ ሌላ መንጋ ሲሰማራበት እንደገና የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው የመሬት ጠንቅ ያለው ነገር ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም ማለት ነው፤ ጠንቁ በመሬቱ ውስጥ ነበር፤ ስሙን የሚነግረው ሰው ግን አጥቶ ነበር።

በ1876 የሠላሳ ሁለት ዓመቱ የገጠር ሐኪም አይጦቻቸውንና ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ሄዱና ለታዋቂው የዕፀዋት ሊቅ ለፈርዲናንድ ኮን ሥራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩ። ጥናቱም በዚያው ዓመት ታተመ። አንድ የተወሰነ ተውሳክ አንድን የተወሰነ በሽታ እንደሚያመጣ በእንዲህ ያለ የተሟላ ማስረጃ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። የተላላፊ በሽታ ሳይንስ መሠረቱ የተጣለው በከብት በረት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1880 ዶክተር ኮኽ ወደ በርሊን ተጠርተው የመንግሥት ላቦራቶሪ ተሰጣቸው። በዚያም አንዱን ተውሳክ ከሌላው ለይቶ ለማራባት የሚያስችል ዘዴ አወጡ። መጀመሪያ የተቀቀለ ድንች ቁራጭ፣ ቀጥሎም የረጋ የሥጋ መረቅ ተጠቀሙ። ኋላም ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር የተባለው ማርጊያ ተተካ፤ ይህንንም ያመለከቱት በወጥ ቤታቸው ለምግብ ማርጊያ ይጠቀሙበት የነበሩት የአንድ ረዳታቸው ባለቤት ወይዘሮ ፋኒ ሄሰ ነበሩ። ከደቀ መዛሙርታቸውም ፍሪድሪክ ሎፍለር ከሌላ ባልደረባ ጋር የፈረሶችን ገዳይ የአፍንጫ ቁስል በሽታ ተውሳክ በ1882 አገኙ፤ በ1898 ደግሞ የከብት የአፍና የእግር በሽታ ከባክቴሪያ እጅግ ባነሰ፣ በማጣሪያ በሚያልፍ ነገር እንደሚመጣ አስረዱ።

መጋቢት 24 ቀን 1882 ዶክተር ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተውሳክ ማግኘታቸውን በበርሊን አስታወቁ። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ከሚሞተው ሰባት ሰው አንዱ የሚሞተው በዚህ በሽታ እንደሆነ ይገመት ነበር። በ1883 ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ ሕንድ ተልከው የኮሌራን ተውሳክ ለይተው ተመለሱ። ዝናቸው በዓለም ተሰማ። ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ጋር ግን በአባ ሰንጋ ጥናትና በክትባቱ ጉዳይ ብርቱ ክርክር ውስጥ ገቡ። በ1870 ጦርነት የተፈጠረው የሁለቱ አገሮች ቂም ወደ ሊቃውንቱም ገብቶ ነበር። ያም ሆኖ አንዱ ምክንያቱን፣ ሌላው መከላከያውን በመሥራታቸው ሁለቱም ለከብት አርቢው ባለውለታ ናቸው።

አሁን ወደ ስሕተቶቻቸው እንምጣ። በ1890 ዶክተር ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያቆም መድኃኒት አገኘሁ ብለው ቱበርኩሊን የተባለውን ነገር አወጡ፤ የተሠራበትን ግን በመጀመሪያ አልገለጡም። በሺህ የሚቆጠሩ በሽተኞች ወደ በርሊን ጎረፉ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ መድኃኒቱ እንደማያድን፣ እንዲያውም አንዳንዱን እንደሚያብስ ተረጋገጠ። ብዙ ቤተሰብ ተስፋውን ይዞ መጥቶ ሬሳ ይዞ ተመለሰ። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በሽታው በውስጡ የተሸሸገበት ከብት በቱበርኩሊን ሲወጋ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ጤነኛው ግን አይነካውም። ስለዚህ ለሰው መድኃኒት መሆን ያቃተው ነገር የታመመችውን ላም ከጤነኛዋ መለያ ሆነ። በቆዳ ውስጥ ወግቶ እብጠቱን የመለካት ምርመራ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ከዚህ የመጣ ነው።

ዶክተር ኮኽ በርሊን ሳሉ በእኛ በኩል ታላቅ መዓት ወርዶ ነበር። በ1887 ገደማ የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ይስማማሉ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ግብሩ ኀዘን ነበር። ከብቱ ይተኩሳል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያፈሳል፤ አፉ ይቆስላል፤ ሆዱ ይለቅበታል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይሞታል። በኢትዮጵያ ከነበረው የቀንድ ከብት ከመቶው ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ራብ ገባ። አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የጠሩት ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ዘመን ይህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ እንዲቆፍር ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል።

በሽታው በዚህ አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ የማሳይን መንጋ ጨርሶ፣ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በሮዴዥያ የነጮቹ አስተዳደር በሽታውን ለመግታት ብሎ የአፍሪካውያንን ከብት፣ የታመመውን ከደኅናው ሳይለይ በጥይት ማስፈጀቱ በዚያው ዓመት ለተነሣው አመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። በበሬ የሚጎተተው ሠረገላ ሲቆም የቅኝ ገዥዎቹ ንግድም ቆመ። ይህን ጊዜ የኬፕ ቅኝ ግዛት መንግሥት ዶክተር ኮኽን ጠራ። በኢትዮጵያ ሕዝብ በሚያልቅበት ጊዜ ሊቅ የላከ አልነበረም፤ የወርቅና የአልማዝ መንገድ ሲዘጋ ግን ሊቅ በመርከብ ተጫነ። ይህን የምንለው ዶክተሩን ለመውቀስ ሳይሆን ሳይንስ በማን ትእዛዝ ይሠራ እንደነበር ለማመልከት ነው።

ዶክተር ኮኽ በታኅሣሥ ወር 1896 ደቡብ አፍሪካ ደርሰው በአልማዝ ከተማዋ በኪምበርሊ ሥራ ጀመሩ። በጥቂት ወራትም ውስጥ በደስታ ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን ከብት ቢወጉት ከበሽታው እንደሚጠብቀው አስታወቁ። ዘዴው ብዙ ከብት አተረፈ። ሆኖም ጉድለት ነበረበት። ለሐሞቱ ሲባል የታመመ ከብት መገደል አለበት፤ የሚሰጠው መከላከያ ረዥም ጊዜ አይቆይም፤ አንዳንዱም የተወጋ ከብት ይሞት ነበር። ዶክተሩ በ1897 የወረርሽኝ ቸነፈር ለማጥናት ወደ ቦምቤይ ሲላኩ የቀሩት ባልደረቦቻቸው ከዳኑ ከብቶች ደም የተዘጋጀ መከላከያ ከታመመ ደም ጋር አብሮ በመስጠት የተሻለ ዘዴ አወጡ።

ከቦምቤይ በኋላ ዶክተር ኮኽ በጊዜው በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ዳሬሰላም መጡ። በዚያ ስለ ወባ፣ ስለ ገንዲና በመዥገር ስለሚተላለፉ የከብት በሽታዎች መረመሩ። በደስታ ያለቀውን መንጋ ለመተካት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የተጫኑ ከብቶች ደግሞ አዲስ በሽታ ይዘው በ1901 ገደማ ሮዴዥያ ገቡ። ዶክተር ኮኽ በ1903 ወደ ቡላዋዮ ተጠርተው በሽታው ከዚያ ቀደም ይታወቅ ከነበረው የመዥገር በሽታ የተለየ መሆኑን አረጋገጡ። ያዘጋጁት ክትባት ግን አልሠራም። ችግሩን ያቃለለው መንጋውን በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ እየነከሩ መዥገሩን መግደልና የከብት እንቅስቃሴን መቆጣጠር ነበር። አንዱን መቅሠፍት ለመካስ የተደረገ ችኮላ ሌላ መቅሠፍት እንደጠራ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

በ1901 በለንደን በተደረገ የሳንባ ነቀርሳ ጉባኤ ላይ ዶክተር ኮኽ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ለሰው ይህን ያህል አያሰጋም፤ በወተት በኩል የሚመጣውን ለመከላከልም ብዙ መድከም አያስፈልግም የሚል አቋም አቀረቡ። የእንግሊዝ መንግሥት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑም ለዓመታት አጥንቶ የከብቱ ተውሳክ በታመመች ላም ወተት በኩል ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን እንደሚይዝ አረጋገጠ። ታላቁ ሊቅ ግን ከአሳባቸው አልተመለሱም። የታላቅ ሰው ስሕተት ከተራ ሰው ስሕተት የሚከፋው ብዙ ሰው ስለሚከተለው ነው።

በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ወደሚገኙት የሰሰ ደሴቶች ሄዱ። በዑጋንዳ የእንቅልፍ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። የዚህ በሽታ ተውሳክ በከብት ላይ ገንዲን ከሚያመጣው ጋር ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ሁለቱንም የሚያስተላልፈው አንድ ዓይነት ዝንብ ነው። ዶክተር ኮኽ በሰፈር ለተሰበሰቡት በሽተኞች አቶክሲል የተባለ አርሰኒክ ያለበት መድኃኒት ሰጡ። በመጀመሪያ ተሻላቸው፤ በኋላ ግን በሽታው ተመለሰ። መጠኑ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ሃያ ያህል ሰዎች የዓይናቸውን ብርሃን እስከ መጨረሻው አጡ። እነዚያ ሰዎች ስለሚደርስባቸው ነገር በሚገባ ተነግሯቸው የፈቀዱ አልነበሩም። የዓይናቸውን ብርሃን የከፈሉት የደሴቶቹ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ስም በሐውልት ላይ አልተቀረጸም። እኛም ስማቸውን ባናውቅ ታሪካቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ዶክተር ሮበርት ኮኽ ግንቦት 27 ቀን 1910 በባደን ባደን ከተማ በልብ ሕመም አረፉ። ዐመዳቸውም በርሊን በስማቸው በሚጠራው የምርምር ተቋም ውስጥ ተቀመጠ።

የጀመሩት ሥራ ግን አልቆመም። በኬንያ ሙጉጋ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይትና ባልደረቦቻቸው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ የማይገድልና ርካሽ የሆነ የደስታ ክትባት ሠሩ። በዚህ ክትባት አማካይነት የአፍሪካ የእንስሳት ሐኪሞችና ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ከታቢዎች በረሃውን እያቋረጡ መንጋውን ከተቡ። በ2011 ደስታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ፈጽሞ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ኪምበርሊ ላይ በሐሞት የተጀመረው ትግል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ በድል ተደመደመ።

አባ ሰንጋ ግን አልጠፋም። ዘሩ ዛሬም በአፈራችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ዶክተር ኮኽ በአይጦቻቸው ካስተማሩን ነገር አንዱን ብቻ ብንይዝ ይበቃል። በድንገት ሞቶ የማይረጋ ደም የሚፈሰውን ከብት ማረድ፣ መግፈፍም ሆነ መብላት አይገባም። በድኑ ሲከፈት ተውሳኩ አየር ያገኝና ያንን የማይሞት ዘር በሜዳው ላይ ይበትናል። ሥጋው ለጦር ሰፈር ድስትም ሆነ ለከተማው ገበያ አይቅረብ። ቆዳው ጥቂት ብር ያወጣል ተብሎ አይገፈፍ። ሳይከፈት በሞተበት ሥፍራ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም በእሳት ይቃጠል፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር፤ የቀረው መንጋም ይከተብ። የነካውም ሰው በእጁ ወይም በፊቱ ላይ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ቢያይ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

የአንድ በሬ ዋጋ ለገበሬ ቤት ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን። የሞተውን በሬ ለመሬት መስጠት መራራ ነው። ነገር ግን አንዱን በሬ ለማትረፍ ሲባል የተከፈተ በድን ቀሪውን መንጋና የቤቱን ልጆች ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቮልሽታይን ላይ በመጋረጃ በተከለለች ጥግ የተገኘው ዕውቀት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም የሚጠቅመን ገበሬውም፣ ወታደሩም፣ ሥጋ ነጋዴውም በሥራ ላይ ሲያውሉት ነው።